ነገር ከሥሩ፦ «ሥር ነቀል» ስለሚባለው ቃል ጥቂት ሐሳብ



«ነገር ከሥሩ፥ ውኃ ከጥሩ» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ የማያውቅ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ውኃ ከምንጩ ሲቀዳ ጥሩ እንደሚሆን ሁሉ፥ ነገርም ከመነሻው ሲመረመር እውነቱ ይገኛል ማለታቸው ነው። ይሁን እንጂ እነዚሁ አባቶች «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ሲሉም አስጠንቅቀዋል። አንደኛው ምሳሌ ቆፍር ይላል፤ ሁለተኛው አትቆፍር ይላል። እንግዲህ ወጣት የሆነ ሰው የትኛውን ይስማ? በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ከመጽሐፍ አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት በዩኒቨርሲቲው መኝታ ክፍል ስምንት ያህል ተማሪዎች ተሰብስበን ስለ አገራችን ጉዳይ ስንወያይ አመሸን። ውይይቱ በመልካም ተጀመረ፤ ስለ ኑሮ ውድነት፥ ስለ ሥራ ማጣት፥ ስለ ጦርነት ተነጋገርን። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ግን ድምፃችን ከፍ አለ። ከመካከላችን አንዱ፥ እኔ የማከብረውና በትምህርቱም ብርቱ የሆነ ልጅ፥ «ችግሩ ሥር የሰደደ ነው፤ መፍትሔውም ሥር ነቀል መሆን አለበት፤ እነዚህን ሰዎች ከነሥራቸው መንቀል ነው!» አለ። «እነዚህ ሰዎች» ያላቸው እነማን እንደ ሆኑ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም፤ በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁላችንም ገብቶናል። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ ያላጨበጨበ አንድ ልጅ ነበረ። «እነዚህ ሰዎች» ከተባሉት ወገን የተወለደ መሆኑ ትዝ ያለኝ ግን በማግሥቱ ጠዋት ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ባየሁ ጊዜ ነው።

ለእረፍት ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ፥ አያቴ ቡና ሲቆሉ አጠገባቸው ተቀምጬ፥ ለዚህች አገር ሥር ነቀል ለውጥ እንደሚያስፈልጋት በሰፊው አስረዳኋቸው። እርሳቸውም ምጣዱን ከእሳቱ አወጡና፥ «ይህን ቃል ወደዚህ ቤት መጀመሪያ ያመጣው አጎትህ ነበረ» አሉኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም የሆነው አጎቴ በ1970 ዓ.ም. ተማሪ ሳለ አንድ ማታ ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ነው። አስከሬኑም አልተገኘም። አያቴ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «ለመሆኑ ምንን ነው የምትነቅሉት ልጄ? ወይስ ማንን?» ብለው ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። ይህችን ጽሑፍ የጻፍሁት ያን ጊዜ ያጣሁትን መልስ ለመፈለግ ነው።

፩ኛ/ ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

«ሥር ነቀል» የምንለው «ራዲካል» የተባለውን የፈረንጆች ቃል ለመተርጐም ነው። ይህ ቃል የተገኘው ከላቲን ሲሆን፥ «ራዲክስ» ማለት ሥር ማለት ነው። ልብ በሉ፤ በላቲኑ ቃል ውስጥ «ሥር» አለ እንጂ «መንቀል» የሚባል ነገር የለም። «ነቀል» የሚለውን የጨመርነው በትርጉም ጊዜ ነው። በዘመናችን ደግሞ ይኸው ቃል አንዳንድ ጊዜ «አክራሪ»፥ አንዳንድ ጊዜም «ጽንፈኛ» እየተባለ ይተረጐማል። «አክራሪ» የመጣው ክር ሲጠመዘዝ እንደሚከር ካለው ነገር ነው፤ «ጽንፍ» ደግሞ ዳርቻ፥ ጠርዝ ማለት ነው። እንግዲህ ሥር፥ መክረርና ዳርቻ ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ሥር የሚገኘው ከታች ነው፤ ዳር ግን ከውጭ ነው። ወደ ዳር የሮጠ ሁሉ ወደ ሥር ደርሷል ማለት አይደለም። እኛ ግን ሦስቱን አንድ አድርገን ስለምንናገር፥ ነገሩን ከሥሩ የሚጠይቀውን አክራሪ ስንል፥ የከረረውን ደግሞ ጥልቅ ሰው ነው ብለን ስናደንቅ እንገኛለን።

፪ኛ/ በሳይንስ

በሳይንስ ውስጥ ቃሉ ብዙ ቤት አለው። እናቶቻችን ባቄላ ዘፍዝፈው ጎንቆል ሲያዘጋጁ፥ ከፍሬው ጫፍ መጀመሪያ ብቅ የምትለውን ነጭ ቡቃያ አይታችኋል። የዕፀዋት ሊቃውንት ለእርሷ የሰጧት ስም «ትንሽ ሥር» ማለት ሲሆን፥ ከዚያው ከ«ራዲክስ» የወጣ ነው። ዘሩ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ወደ ታች ይሰዳታል። ማለትም ተክል ሕይወቱን የሚጀምረው ሥር በመስደድ ነው።

በሒሳብ ደግሞ አንድን ቁጥር ያስገኘውን መነሻ ቁጥር ሥሩ ይሉታል፤ 5 በራሱ ተባዝቶ 25ን ስለሚያስገኝ የ25 ሥር 5 ነው። ለዚህ ሥራ ዛሬም የምንጠቀምበትን ምልክት በመጀመሪያ በታተመ መጽሐፍ ያወጣው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ የተባለው ሰው እ.ኤ.አ. በ1525 ነው። በሰዋስው በኩልም የውጭ ሊቃውንት ስለ ግእዝ፥ ስለ ዕብራይስጥና ስለ ዐረብኛ ሲጽፉ የግሱን መሠረት የሆኑትን ፊደላት «ራዲካል» ይሏቸዋል። ነገረ፥ ነጋሪ፥ ንግግር፥ አነጋገር፥ ተናጋሪ እያልን ቃሉን ብንለዋውጠው ነ፥ ገ እና ረ አይጠፉም። በነዚህ ሁሉ ሥር ማለት የሚያጸና፥ የሚያስገኝ፥ ቅርጹ ሲለወጥ የማይለወጥ ነገር ነው፤ የሚነቀል ነገር አይደለም።

በኬሚስትሪ ግን ቃሉ አስገራሚ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1787 ጊቶን ደ ሞርቮ የተባለው ፈረንሳዊና ጓደኞቹ፥ ከእነርሱም አንዱ ላቩዋዚዬ ነበረ፥ ለኬሚስትሪ አዲስ የስም አወጣጥ ባዘጋጁ ጊዜ፥ የአሲድን መሠረት «ራዲካል» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1832 ሊቢግና ቮለር የተባሉ ጀርመናውያን ከአንዱ ውሕድ ወደ ሌላው ሳይፈርስ አብሮ የሚዘዋወር የአቶሞች ጓድ መኖሩን አሳዩ። እስከዚህ ድረስ ትርጉሙ ከሰዋስው ሥር ጋር ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. በ1900 ግን በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሞሰስ ጎምበርግ ከሌላ ጋር ሳይጣመር ብቻውን የሚቆም ራዲካል አገኘ። ይህም «ነፃ ራዲካል» ተባለ።

ነፃ ራዲካል ማለት ጥንድ ያልሆነ ኤሌክትሮን የያዘ፥ በዚህም ምክንያት ብዙውን ጊዜ ዕረፍት የሌለው ነገር ነው። ጉድለቱን ለመሙላት ከጎረቤቱ ኤሌክትሮን ይነጥቃል። የተነጠቀው ጎረቤት ግን በተራው ጎደሎ ይሆንና ከሚቀጥለው ይነጥቃል። ዘይት ብዙ ሲቆይ ጣዕሙና ሽታው የሚለወጠው በአብዛኛው በዚህ ዐይነት ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ የሚቆመው ሁለት ጎደሎዎች ተገናኝተው ሲጣመሩ ወይም እንደ ቪታሚን ኢ ያለ ነገር ከራሱ ሰጥቶ እርሱ ግን ከሌላው ሳይነጥቅ ሲቀር ነው። ደግሞም ነፃ ራዲካል ሁልጊዜ ክፉ ነው አይባልም፤ የሰውነታችን ነጭ የደም ሕዋሳት ተውሳክን የሚገድሉት በከፊል በእርሱ ነው። መልካም የሚሆነው ግን በቦታውና በልኩ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን በክፍል ውስጥ ስማር ስለ ሰው ልጅ ቂም የምማር መሰለኝ። የተበደለ ይበድላል፤ እርሱ የበደለውም ሌላውን ይበድላል፤ ሁሉም የወሰድሁት የተወሰደብኝን ነው ይላል።

፫ኛ/ በታሪክ

በፖለቲካ ቃሉ የገነነው በእንግሊዝ አገር ነው። ቻርልስ ጄምስ ፎክስ የተባለው የፓርላማ ሰው እ.ኤ.አ. በ1797 «ራዲካል» የሆነ መሻሻል ይደረግ ብሎ ከጠየቀ ወዲህ፥ የምርጫ መብት ለብዙኃኑ ይሰጥ የሚሉት ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 16 ቀን 1819 በማንቸስተር ከተማ ይህንኑ ለመጠየቅ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ፈረሰኞች ሰይፍ መዘው ገቡበት፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1838 ደግሞ ቻርቲስት የተባሉት ሠራተኞች ስድስት ጥያቄዎችን ጽፈው አወጡ። እነርሱም ወንድ ሁሉ ይምረጥ፤ ድምፅ በምሥጢር ይሰጥ፤ ለመመረጥ ንብረት መኖር አያስፈልግ፤ ለተመራጮች ደመወዝ ይከፈል፤ የምርጫ ወረዳዎች እኩል ይሁኑ፤ ፓርላማው በየዓመቱ ይመረጥ የሚሉ ነበሩ። ያን ጊዜ ይህ ሁሉ አገር የሚያፈርስ ሐሳብ ተባለ። ዛሬ ግን ከመጨረሻው በቀር አምስቱ የአገሩ ተራ ሕግ ሆነዋል። ስለዚህ «ራዲካል ነው» ተብሎ መሰደብ አንድን ሐሳብ ሐሰት አያደርገውም።

በአሜሪካም እንዲሁ ነው። የባርነትን መቅረትና የጥቁሮችን እኩልነት በግልጽ የጠየቁት የሪፐብሊካን ፓርቲ አባሎች «ራዲካሎች» ይባሉ ነበር። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ቻርልስ ሰምነር ባርነትን የሚነቅፍ ንግግር ስላደረገ እ.ኤ.አ. በ1856 በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አዳራሽ ውስጥ በከዘራ ተደብድቦ ወድቋል። ሌላው ታዴዎስ ስቲቨንስ ነጭና ጥቁር ሳይለይ በሚቀብር መካነ መቃብር ካልሆነ አልቀበርም ብሎ፥ እ.ኤ.አ. በ1868 ሲሞት በዚያ ተቀበረ። እነዚህ ሰዎች ባይቆፍሩ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1865 ባርነትን የሻረው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባልተገኘም ነበር። ይሁን እንጂ ባርነት ተሽሮ መሬቱ ለለፉበት ሳይከፈል ቀረ፤ እ.ኤ.አ. በ1877 የፌዴራሉ መንግሥት ጦሩን ከደቡብ ከመለሰ በኋላም ጥቁሮች ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በልዩ ሕግ ተረገጡ። እንግዲህ «አትቆፍር» የሚለው ምክርም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ሥሩ በአፈር ውስጥ የቀረ አረም ተመልሶ ይበቅላል።

፬ኛ/ የሐኪሙ ቢላዋ

እዚህ ላይ ከሕክምና አንድ ታሪክ ላንሣ፤ ምክንያቱም ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ እርሱ ነው። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ የነበረው ዝነኛ ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ለጡት ካንሰር «ራዲካል» የተባለውን ቀዶ ሕክምና አስፋፋ። ካንሰር ከአንድ ቦታ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ አካባቢው ይስፋፋል ብሎ ስላሰበ፥ ጡቱን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያሉትን የደረት ጡንቻዎችና በብብት ያሉትን ዕጢዎች አንድ ላይ ያወጣ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓላማው በሽታውን ከነሥሩ መንቀል ነበር። ሌሎችም ሐኪሞች ተከተሉት፤ በሽታው ተመልሶ በመጣ ቁጥርም አንዳንዶቹ ገና አልሰፋንም እያሉ ይበልጥ ሰፊ አድርገው ቈረጡ። ከሰባ ዓመት በላይ ስፍር ቍጥር የሌላቸው ሴቶች ክንዳቸው እያበጠ፥ ደረታቸው እየጐደጐደ ኖሩ።

በኋላ በፒትስበርግ የነበረው ሐኪም በርናርድ ፊሸር «ይህ ሁሉ መቈረጥ በእርግጥ ያድናልን?» ብሎ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ1971 በተጀመረ ጥናት ከ1,600 የሚበልጡ ሴቶች በዕጣ ተመድበው፥ ሰፊው ቀዶ ሕክምና ከጠበበው ጋር ተነጻጸረ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የ25 ዓመት ውጤት በሁለቱ መካከል በሕይወት በመቆየት በኩል የጐላ ልዩነት እንደሌለ አረጋገጠ። ምክንያቱ ምንድን ነው? በብዙዎቹ ዘንድ በሽታው ገና ሳይታወቅ በደም በኩል ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ይሄድ ስለ ነበረ ነው። ቢላዋው የቱንም ያህል ቢሰፋ ሥሩ ያለው ሌላ ቦታ ነበረ። ሐኪሞቹ ስፋትን ጥልቀት መስሏቸው ነበር። በእውነት ወደ ሥር የወረደው ቢላዋውን ያሰፋው ሳይሆን ጥያቄውን የጠየቀው ሰው ነው።

፭ኛ/ በአገራችን

በየካቲት ወር 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሰልፍ ወጡ። በዚያን ጊዜ ብዙ ጭሰኛ ካመረተው ሲሶውን፥ እኩሌታውን ወይም ከዚያ በላይ ለባለ መሬቱ ይገብር ነበር። ተማሪዎቹ የጠየቁት ስለ ሥሩ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ እንዲደርሰው ተወሰነ። ስለ ዐዋጁ አፈጻጸም ብዙ ክርክር ቢኖርም፥ ጭሰኝነት ይመለስ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነገር ግን ብዙ ሳይቈይ «ምን ይነቀል?» የሚለው ጥያቄ «ማን ይነቀል?» በሚል ተለወጠ። አብረው የተሰለፉት ወጣቶች ኢሕአፓና መኢሶን ተባብለው ተከፈሉ፤ አንዱ የሌላውን ደም አፈሰሰ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደርግ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብርን በከተሞች አፋፋመ። ሰው በስሙ መጠራቱ ቀርቶ «አናርኪስት»፥ «አድኃሪ»፥ «ፀረ ሕዝብ» ይባል ጀመር። ስም ከሰው ላይ ከተገፈፈ በኋላ መንቀል ቀላል ነው፤ አረም ስም የለውምና። በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ አጠገብ የተከፈተውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ያየ ሰው በግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ፎቶግራፎች አይረሳም። አብዛኞቹ በእኛ ዕድሜ ያሉ ናቸው። ገዳይ ከነበሩትም ብዙዎቹ በእኛው ዕድሜ የነበሩ መሆናቸውን ማስታወስ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ይከብዳል።

በስንዴው እርሻ ላይ እንክርዳድ የተዘራበትን የወንጌል ምሳሌ ሁላችን ተምረነዋል። አገልጋዮቹ ለመንቀል ሲቸኩሉ የእርሻው ጌታ ከለከላቸው፤ እንክርዳዱ መልካም ነው ብሎ ግን አይደለም። ሁለቱ በቡቃያነታቸው ስለሚመሳሰሉና ሥራቸው ስለሚጠላለፍ፥ ስንዴውም አብሮ እንዳይነቀል ብሎ ነው። ታዲያ ክፉ ሥርዓትን አትንኩ ማለት ነውን? አይመስለኝም። ሕግ፥ ልማድ፥ ግፍ፥ ውሸት ሊነቀሉ ይችላሉ፤ ሊነቀሉም ይገባል። ሰውን ግን ከግፉ ለይቶ የሚያይ ዐይን ሳይኖረን እጃችን ከቀደመ፥ የምንነቅለው ሁለቱንም ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ምሳሌዎች ስንመለስ የሚጣሉ አይመስለኝም። አንደኛው ነገሩን ከሥሩ መርምር ይላል፤ ሁለተኛው የምታገኘውን ሳታውቅ እጅህን አትክተት ይላል። እኔም ከእንግዲህ ወዲህ «ሥር ነቀል» የሚል ቃል ስሰማ ሦስት ነገር ልጠይቅ ቈርጫለሁ። መጀመሪያ፥ የሚነቀለው ምንድን ነው ወይስ ማን ነው? ሁለተኛ፥ ሥሩን በእርግጥ አግኝተነዋልን ወይስ ቢላዋውን ብቻ ነው የምናሰፋው? ሦስተኛ፥ በተነቀለው ቦታ ምን ይተከላል? ባዶ መሬት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያበቅለው አረም መሆኑን ገበሬ ያውቃል።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ከመጻፌ በፊት የራሴ የሆነ ሥር እንዳለ አልክድም። ያን ምሽት ያጨበጨብሁት ስላመንሁበት አልነበረም፤ ብቻዬን ዝም ብል ምን ይሉኛል ብዬ ነው። ያ ፍርሃት በእኔ ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። ስለ አገር ሥር ነቀል ለውጥ ለማውራት የቻለ አፌ «ተው፥ ይህ አይባልም» የምትለውን አጭር ቃል ለማውጣት አልቻለም።

ከእረፍት እንደ ተመለስሁ ክፍሉን ትቶ ወደ ሄደው ልጅ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። በትዕግሥት ሰማኝ፤ ሻይም ጋበዘኝ። ወደ ክፍላችን ግን አልተመለሰም። እኔም ተመለስ ልለው አልደፈርሁም፤ ምክንያቱም ከእኔ በቀር ያጨበጨቡት ስድስቱ ገና እዚያው ናቸው። ከእነርሱ ጋር መነጋገር የጀመርሁት በዚህ ሳምንት ነው፤ የመጀመሪያው ያን ንግግር የተናገረው ወዳጄ ነው። የሰጠኝን መልስ በሚቀጥለው እትም ቢፈቀድልኝ እጽፍላችኋለሁ። እናንተስ፥ አንባብያን ሆይ፥ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁን? እጃችሁስ ምን አደረገ?